ከመሬት የሚያነሳ ምርኩዝ

አያሌው የሐይቅ ከተማ አናጢ ነው። ሞፈርና ቀንበር ይጠርባል፣ በር ይገጥማል፣ ሲታዘዝም የሬሳ ሳጥን ይመታል። ስሙ የተጠራው ግን በመቋሚያ ነው። የሐይቅ እስጢፋኖስ ካህናት ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ሲያዜሙ የሚደገፉትን እንጨት እንደ እሱ አለስልሶ የሚሠራ አልነበረም። ሰውን አቁሞ ማሳደር ያውቅበታል። የተሳሳተውም በዚሁ በሚያውቀው ነው።

ዘመኑ ክፉ ነበር። ወጣቱ በመኪና እየተጫነ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ይሄዳል፤ የተመለሰም ቢኖር ጎድሎ ነው የሚመለሰው። አያሌው ቀን የእጅ ባለሙያዎች ማኅበር ውስጥ ሲጠርብ ይውልና ሲመሽ ደግሞ የቀበሌ ስብሰባ ላይ እያንቀላፋ ያጨበጭባል። ደከመኝ ማለት ራሱ እስኪሰለቸው ድረስ ደክሞት ነበር።

አንድ ቀን ፈዲላ የምትባል እናት ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል በእግሯ መጣች። ልጇ ኑርሁሴን ከግንባር የተመለሰው ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተቆርጦ ነው። ከሆስፒታል የተሰጠው ክራንች ደግሞ መንገድ ላይ ጠፍቶበታል።

«ወንድሜ አያሌው፣ አፈር ስሆን፣ መደገፊያ ሥራልኝ» አለችው።

ሠራላት። ጥሩ ወይራ መርጦ፣ ራሱን ለብብት እንዲመች ጎበጥ አድርጎ፣ በቅባት አሽቶ አስረከባት። እንዲያ ያለ ሥራ ከሠራ ቆይቶ ስለነበር ለራሱም ደስ ብሎት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ፈዲላ ምርኩዙን ይዛ ተመለሰች።

«ምን ጎደለው?» አለ አያሌው ቆጣ ብሎ።

«ከቆመ በኋላማ ሸጋ ነው። ከመሬት አያነሳውም እንጂ።»

ነገሩን አስረዳችው። ኑርሁሴን ቁጭ ብሎ እንዲሰግድ ሸሁ ፈቅደውለታል፤ ሰግዶ ሲጨርስ ግን ከምንጣፉ መነሳት አይችልም። መስጊድ ሲሄድ ሰው በብብቱ ይዞ እንደ ሕፃን ስለሚያነሳው አፍሮ መሄዱን ትቷል። ቤት ውስጥ በየሶላቱ የምታነሳው እሷ ናት።

«ወገቤ አለቀ። ወላሂ፣ እኔ የሞትኩ እንደሆን መሬት ላይ ሊቀር ነው» አለችና ምርኩዙን ትታለት ሄደች።

መቋሚያ የሚይዝ ሰው ቆሞ ነው የሚይዘው፤ ከወለል የሚነሳ ሰው በአያሌው ሐሳብ እንኳ መጥቶ አያውቅም ነበር። ባልደረቦቹ ለምሳ ሲወጡ ቀኝ እግሩን ወደ ኋላ አጥፎ በጠፍር ጥፍር አድርጎ አሰረና ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ምርኩዙን ተክሎ ሊነሳ ሲል ተንሸራቶ በአገጩ ተደፋ። ደግሞ ሞከረና ተነሳ! ኩራት ኩራት አለው። ወዲያው ግን የታሰረው እግሩ ጉልበት ላይ አቧራ አየ፤ ለካ ጉልበቱን መሬት ላይ ደግፎ ነው የተነሳው። ኑርሁሴን ደግሞ ያ ጉልበት የለውም። ደስታው እዚያው ሞተ።

ሚስቱ ስህን ምሳ ይዛለት ስትመጣ ወለሉ ላይ ላብ በላብ ሆኖ አገኘችው።

«ሰውዬ፣ አበድክ? ደህና እግር ያስራሉ? ኋላ እንደ አፍህ ያድርግልህ?»

«አፌ ምን አለ፣ አንቺ! እግሬ እኮ ነው የታሰረው። ነይ ይልቅ ጉልበቴን ከመሬት ከፍ አድርገሽ ያዥልኝ።»

እየተራገመች ያዘችለት። እንዲያ እየወደቀ እየተነሳ፣ ከምርኩዙ ታችኛው ወገን አንድ አጭር እጀታ፣ መሐሉ ላይ ሌላ እጀታ ሰካ። እጅ ከታችኛው ወደ መሐለኛው፣ ከመሐለኛው ወደ ላይ እየወጣ ሰውነትን ይስባል። እንዳይንሸራተት ጫፉን ከአሮጌ ጎማ በተቆረጠ ቁራጭ አለበሰው።

ሲያልቅ ራሱ ይዞት ወደ አርዲቦ ሄደ። ኑርሁሴን ቁርበት ላይ ተቀምጦ ነበር። ፈዲላ እንደ ልማዷ ልታነሳው ጎንበስ ስትል «ተይኝ፣ እማ» አላት። ምርኩዙን ተከለ፣ ታችኛውን እጀታ ጨበጠ፣ ከዚያ መሐለኛውን፤ እየተንቀጠቀጠ ቆመ። እናቱ እጆቿ እንደተዘረጉ ቀሩ፤ ከዚያ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። አያሌውም ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«እንዴት አወቁት፣ አያ አያሌው?» አለ ኑርሁሴን።

«እግሬን አስሬ ሞከርኩት።»

«ሲያምዎትስ?»

«ያው... ፈታሁት።»

ኑርሁሴን ፈገግ አለ። «አብሽሩ፣ ደግ አደረጉ። እኔም ቢፈታልኝ እንደዚያው ነበር የማደርገው።» በክፋት አልነበረም፤ በክፋት ቢሆን ለአያሌው ይቀለው ነበር።

ፈዲላ ልትሸኘው እስከ ማሳው ጥግ ድረስ አብራው ወጣች። እዚያ ሲደርሱ እጁን ያዘችው።

«አንድ ሌላ ሥራልኝ።»

«እትዬ ፈዲላ፣ ይሄ ወይራ እኮ ነው፣ አይሰበርም።»

«ለሀምዱ ነው፣ ለታናሽየው።»

«እሱ ደግሞ መቼ ተጎዳ?»

«አልተጎዳም። ከትናንት በስቲያ ከገበያ አፍሰው ወሰዱት።»

አያሌው ክው አለ። «ኧረ ምን ነካሽ? በደህና ልጅ ላይ ታሟርቻለሽ?»

«በሁለት እግሩ ከመጣልኝ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ምርኩዙን በደስታ አነድደዋለሁ። ካልሆነ ግን ወንድሜ፣ እኔ ሌላ ልጅ ማንሻ ጉልበት አልተረፈኝም።»

እጇን ከራሷ በላይ ዘርግታ የልጁን ቁመት አሳየችው። አያሌው እምቢ ሊል አፉን ከፍቶ፣ በዓይኑ ለካው።