ድፍን ወይስ ባለ ቱቦ

የታሰርኩት በሳጥን ሥዕል ነው። ሳጥኑ ደግሞ ገና አልተሠራም ነበር።

ጋሸና ላይ የመኪና ቴፕና ስፒከር እገጥማለሁ። የላሊበላ መስመር የሚሠራ አንድ ሾፌር ለሚኒባሱ ቤዝ የሚሉትን ወፍራም ድምፅ የሚያወጣ ስፒከር ገዝቶ አመጣና፣ "ሳጥኑን አንተ ሥራው" አለኝ። ከደብተር በቀደድኩት ወረቀት ላይ ሁለት ዓይነት ነደፍኩ፤ አንዱ ዙሪያውን ድፍን፣ ሌላው ፊቱ ላይ ቱቦ የገባበት። ልካቸውን በሳንቲሜትር ጻፍኩበት። በዚያ ሰሞን ሰው በሆነ ባልሆነው ይታፈስ ነበርና፣ ፍተሻ ላይ ከኪሴ ያወጡት ይህንኑ ወረቀት ነው።

የከተቱኝ ቀድሞ የእህል መጋዘን በነበረ ቤት ነው። የገብስ አቧራው ገና በሩ ላይ አስነጠሰኝ።

"ይማርህ" አለ አንድ ድምፅ ከጥግ። ጥምጥም ያደረጉ ሽማግሌ መሪጌታ ነበሩ።

"እርስዎን በምን አመጡዎት፣ የኔታ?"

"እንጃ ልጄ። አንተስ?"

"እኔም እንጃ። በሳጥን መሰለኝ።"

መርማሪው አልመታኝም፤ አልዋሽም። ወረቀቱን ዘርግቶ ጠየቀኝ።

"የትኛውን ልትሠራ ነበር?"

"ገና አልወሰንኩም።"

"ሰው የሚሠራውን አያውቅም?"

ኧረ እኔ አላውቅም! ድፍኑ ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ ጉልበቱ ግን ያንሳል። ባለ ቱቦው ያጓራል፣ ሩቅም ይሄዳል፤ ግን ያድበሰብሳል። በማግስቱ ሲጠራኝ "ድፍኑን" አልኩት። በሦስተኛው ቀን ደግሞ አሰብኩበትና "ባለ ቱቦው ሳይሻል አይቀርም" አልኩ። እኔ የሙያ ምክክር መስሎኛል፤ እሱ ለካ "ቃሉን ይለዋውጣል" ብሎ እየጻፈ ነው። ከድጡ ወደ ማጡ ገባሁ።

ተመልሼ ለመሪጌታ አወራኋቸው።

"ምን ሊያጫውትበት ነው ሾፌሩ?" አሉኝ።

"መዝሙር። የሚጭነው ተሳላሚ ነው። ከበሮው ከበሮ ይምሰልልኝ ይላል።"

"ታዲያ ምን ግራ አጋባህ? ከበሮ ወዲህም ወዲያም በቆዳ የተለጎመ ነው። ድፍኑን ሥራዋ!"

ባዶ የውሃ ጀሪካን አምጥቼ ፊታቸው አስቀመጥኩ። አንዴ ክዳኑን ዘግተው፣ አንዴ ከፍተው መታ መታ እንዲያደርጉልኝ ለመንኳቸው። እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ።

"ሁዳዴ አይደል እንዴ? በሁዳዴ ከበሮ አይመታም።"

"ጀሪካን እኮ ነው፣ የኔታ!"

"ጀሪካኑስ ጀሪካን ነው። እጁ ግን የኔ ነው።" ቀጥለውም፣ "ካወጡኝ ለፋሲካ እመታልሃለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ከበሮ ሳልሰማ የዋልኩበት ፋሲካ የለም" አሉ። ድምፃቸው ሲሰበር አንጀቴን በሉት።

በሳምንቱ መርማሪው የተጻፈ ቃል ሰጠኝና ፈርም አለኝ። "አገልግሎቱ ያልታወቀ ሳጥን" ይላል።

"አገልግሎቱማ ይታወቃል። በዚህ አልፈርምም።"

"ካልፈረምክ ትቆያለህ።"

ፈራሁ። ግን የሥራዬ ስም ሲጠፋ ማየት አልቻልኩም። ስክሪብቶውን ይስጡኝ አልኩና ያቺን መስመር ሰርዤ "ከበሮ የሚሰማበት ሳጥን። ድፍን።" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ፈረምኩ። መርማሪው ወረቀቱን እያገላበጠ ራሱን አከከ። ከአራት ቀን በኋላ "ውጣ" ተባልኩ። ለምን እንደገባሁ ያልነገረኝ ሰው ለምን እንደወጣሁም አልነገረኝም።

መሪጌታ እዚያው ቀሩ።

ሳጥኑን ድፍን አድርጌ ሠራሁት። ፋሲካ ሲቃረብ ግን የመጋዘኑ ግድግዳ ትዝ አለኝና፣ የሳጥኑን ፊት በስቼ ቱቦ አስገባሁበት። የፋሲካ ዕለት ሾፌሩን ለምኜ ሚኒባሱን ከመጋዘኑ ፊት ለፊት አቆምን፤ በሩን ከፍተን መዝሙሩን ለቀቅነው። የጣሪያው ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። ጠባቂው እየሮጠ መጣ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ፋሲካ ነው" አልኩት። ወይ አላባረረን ወይ እንኳን አደረሳችሁ አላለን፤ ቆሞ ቀረ።

መሪጌታ የተፈቱት ክረምት ሊገባ ሲል ነው። ቤታቸው ሄጄ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

"ለፋሲካ ሰምተው ነበር?"

"ሰማሁ እንጂ! ግን ከበሮ አልመሰለም። ቱቦውን አስገብተሃል።"

"ግድግዳውን ይለፍልኝ ብዬ ነው፣ የኔታ።"

እጄን ያዙኝ፤ ብዙ ቆይተው ለቀቁኝ።

ሚኒባሱ ዛሬም በመጋዘኑ በኩል ያልፋል። እዚያ ፋይል ውስጥ በእጄ የጻፍኩት ቃል "ድፍን" ይላል። ሳጥኑ ግን ባለ ቱቦ ነው፤ እንደገና ቃሌን ለምን እንደለወጥኩ እስካሁን የጠየቀኝ የለም።