አሚን ያልተባለለት ኤሲ

ዘይባ እጇን አላነሳችም።

ሐጂ ሰይዶ ዱዓውን ጀምረዋል። አብረዋቸው የመጡት ሽማግሌዎች መዳፋቸውን ዘርግተዋል። ኤሲውን የሸጠላት ሙሀመድአወልም ዘርግቷል፤ ያውም ከሁሉም ከፍ አድርጎ። እዚህ ሰፈር ሽምግልና የሚዘጋው በዱዓ ነው። አሚን ያለ ሰው ከዚያ ወዲያ «ተበድዬ ነበር» ቢል ሰሚ የለውም። ዘይባ ይህን ታውቃለች፤ ስለዚህ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ደፍታ ቁጭ አለች።

«ልጄ፣ እጅሽን እንጂ» አሏት ሐጂ ሰይዶ።

«ሐጂ፣ ይቅር ይበሉኝ። አላነሳም።»

ዘይባ ቡታጅራ ውስጥ ቅቤ የምትሸጥ ሴት ናት። ከመስቃን ገጠር ለጋ ለጋውን ትሰበስባለች፣ በኮባ ጠቅልላ ትደረድራለች። ሱቋ ቆርቆሮ ነው፤ የግንቦት ፀሐይ ሲያርፍበት ምጣድ ይሆናል። ፍሪጅ ለምን አትገዛም እንዳይባል፣ ቡታጅራ ቅቤን በጥፍሩ ቆንጥሮ ሳይቀምስ አይገዛም። በፍሪጅ የደረቀ ቅቤ ደግሞ ጥፍር አያስገባም። «ምን ልትደብቅ አደረቀችው?» ይባላል። ስለዚህ ቅቤውን ሳይሆን ቤቱን ላቀዝቅዝ አለች።

ሙሀመድአወል መጣና መስኮቷን አስፍቶ ርካሹን ኤሲ ሰካላት። ካርቶኑ ላይ የበረዶ ተራራ ተስሏል። በረዶው እዚያው ካርቶኑ ላይ ቀረ። ኤሲው እንደ ወፍጮ ይጮሃል፣ የሞቀውን አየር መልሶ ይተፋል፣ ወደ ውጭ መጣል ያለበትን ውሃ ወደ ቤት ያንጠባጥባል። ቅቤው ቀን ይቀልጣል፣ ማታ ይረጋል። ቀልጦ የረጋ ቅቤ ደግሞ ምላስ ላይ እንደ አሸዋ ይሻክራል።

መጀመሪያ ቅቤውን የመለሰችላት ደንበኛዋ መምህርት እየሩስ ናት። «ዘይባ፣ አንቺም? ምን ደባለቅሽበት?» አለቻት።

ይህ ጥያቄ ለቅቤ ነጋዴ ሞት ነው። ዓረፋ ደጅ ላይ ቆሟል፤ የአዲስ አበባው ዘመድ ሁሉ ሊገባ ነው። በዓረፋ ስሟ የጠፋ ቅቤ ሻጭ መልሳ አታነሳውም።

ሙሀመድአወል ጋ ሄደች። «አወል፣ ይሄ ነገር አያቀዘቅዝም።»

«መብራቱ ነው፤ ኃይል የለውም።»

ደግማ ሄደች። «በሩን እየከፈትሽ ነዋ!» አላት።

«ሱቅ እኮ ነው! ዘግቼ ለማን ልሽጥ? ለጂን?»

በመጨረሻ ሳቀና፣ «ዘይባዬ፣ አዲስ አበባ መሰለሽ እንዴ? ለቡታጅራ ይሄ ይበቃል» አላት።

ይበቃል! ይህች ቃል ናት ያቃጠለችን። ለቡታጅራ ይበቃል፣ ለወልቂጤ ይበቃል፣ ለጉንችሬማ ይተርፋል እየተባለ ሌላ ቦታ የማይሸጥ ኮተት ሁሉ ወደ እኛ ይጫናል። የእኛ ፀሐይ ግማሽ ፀሐይ ናት? ቅቤያችን አስፈቅዶ ነው የሚቀልጠው? የባሰው ደግሞ የራሳችን ዝምታ ነው። ፀጉር አስተካካዩም፣ ፋርማሲውም ያንኑ ኤሲ ገዝተዋል። አወል ለቅሶ ይደርሳል፣ ሰርግ ያደምቃል፤ «የአገር ልጅ እንዴት ይከሰሳል» ብለው ከሥሩ ባልዲ ደቅነው ተቀምጠዋል።

ዘይባ ባልዲ አልደቀነችም። ሽማግሌ ጠራች፤ ነገሩም ሱቋ ውስጥ እንዲታይ ለመነች።

«ዛፉ ሥር ይሻላል፤ ነፋሻ ነው» አሉ ሐጂ ሰይዶ።

«ዛፉ ሥር ኤሲ የለም፣ ሐጂ።»

ገቡ። ኤሲው እየጮኸ፣ እነሱም ከጩኸቱ በላይ እየጮኹ ሁለቱን ሰሙ። ላብ በላብ ሆኑ። በቃ፣ «አውፍ ተባባሉ፣ ይቅር ተባባሉ፣ የአንድ አገር ልጆች ናችሁ» ብለው ወደ ዱዓው ሮጡ። ማን ጥፋተኛ እንደሆነ ገና ሳይነገር!

እና ዘይባ እጇን አላነሳችም። ሐጂ ሰይዶ ተቆጥተው ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ከኤሲው አንድ ጠብታ ወርዳ ማጅራታቸው ላይ አረፈች። ሌላም ተከተለች። አንዱ ሽማግሌ ሳቃቸውን በጋቢያቸው አፈኑ።

«ሐጂ» አለች ዘይባ፣ «አወልን አልጠላውም። ዕቃው ደህና ከሆነ፣ ዛሬውኑ ወስዶ የራሱ ሱቅ ይስቀለው። ያኔ አሚን እላለሁ።»

ሐጂ ሰይዶ አንገታቸውን እየጠረጉ ዞሩ። «ትሰቅለዋለህ?»

ሙሀመድአወል ወለሉን አየ። «እኔ ጋ እንኳን… ሌላ አለ። ደህና የሚባል።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ ኤሲው ይጮሃል።

«ደህናውን ለራስህ፣ ይሄን ለእሷ?» ሐጂ ሰይዶ እጃቸውን አወረዱ። «ዱዓው አልተዘጋም። ተነስ ፍታው፤ በገዛ እጅህ። ገንዘቧንም መልስ። የፀጉር ቤቱንም የፋርማሲውንም እንደዚሁ!»

አወል በርጩማ ላይ ወጥቶ በካቻቪቴ ፈታው። ኤሲው ሲወጣ መስኮቱ ባዶውን ቀረ፤ በቀዳዳው ንፋስ ገባ።

«አልሃምዱሊላህ» አሉ ቅድም ሳቃቸውን ያፈኑት ሽማግሌ በጋቢያቸው እያራገቡ፣ «አሁን ሠራ!»

ሐጂ ሰይዶ ዱዓውን ቀጠሉ፤ ያኔ ዘይባ መዳፎቿን ዘረጋች። የእሷ አሚን ከሁሉም በላይ ተሰማ።

በሳምንቱ ወልቂጤ አንድ ኤሌክትሮኒክስ ቤት ገባች። ከቦርሳዋ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ምንድን ነው እህቴ?» አለ ሻጩ።

«ቅቤ። ኤሲውን ክፈተውና እንቀመጥ።»

«ኧረ ዋስትና አለው!»

«የእኔ ዋስትና ይሄ ነው» አለች፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ከቀለጠ ሌላ ቤት እሄዳለሁ። ብቻ ለቡታጅራ ይበቃል እንዳትለኝ።»