በጀርባ መተኛት

በቀበሌያችን የውይይት ክበብ ከእኔ የበለጠ ያንቀላፋ ሰው አልነበረም። አሁን በኩራት አልጽፈውም፤ ያኔ ግን ኮርቼበት ነበር፤ ኀፍረቴም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ውይይቱ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር። ጅማ በዚያ ሰዓት ዝናብ ትጥላለች፤ የአዳራሹ ቆርቆሮ ይንጫጫል፤ ካድሬው ከቆርቆሮው በላይ ለመሰማት ይጮኻል፤ በሥዕል የተሰቀሉት ሦስቱ ጺማሞች ከግድግዳው ላይ ሆነው ያዩናል። እኔ ከፊት ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ለመምህራን በተመደበው አግዳሚ ወንበር ተቀምጬ ስለ ትርፍ እሴት መነገር ሲጀምር አገጬ ደረቴን ይነካል። አንድ ቀን የቀሰቀሰኝ የራሴ ማንኮራፋት ነው። ዓይኔን ስገልጥ አዳራሹ በሙሉ ዞሮ ያየኛል።

«ጓድ መምህር» አለኝ ካድሬው፣ «ተቃውሞ ካለዎት እጅ አውጥተው ይናገሩ።»

ሰው ሳቀ። ሳቁ ከእኔ ጋር እንደሆነ ገባኝ፤ በእሱ ላይ እንደሆነ ለእሱም ገባው።

ከዚያ ወዲህ ሻይ ቤት ስገባ ወንበር ይለቀቅልኛል። አብሮኝ የሚያስተምረው የጂኦግራፊ መምህር ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «በዚህ ከተማ ሐሳቡን በነጻነት የሚገልጽ አንተ ብቻ ነህ» አለኝ። «ኧረ ወዳጄ፣ እንቅልፍ ነው» ማለት ምን ያህል ይከብዳል? ግን ስለ ጀግኖች ብዙ ያነበበ፣ ራሱ አንድም ቀን ጀግና ሆኖ የማያውቅ ሰው በነጻ የመጣለትን ጀግንነት አይመልስም። ፈገግ ብዬ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴንም ለጨዋነት ቆጠሩልኝ።

እውነቱን ለመናገር የትም እተኛ ነበር። ተማሪዎች ፈተና ሲጽፉ፣ ጸጉር አስተካካዩ ወንበር ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ አጋሮ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ። ከሁሉ የባሰው ጫት ላይ መተኛቴ ነው። ጅማ ውስጥ እየቃሙ መተኛት ምን ማለት እንደሆነ የሌላ አገር ሰው አይገባውም፤ ጫት እንቅልፍ ሊያባርር ነው የሚቃመው። ዓርብ ዓርብ ጎረቤቴ ቤት ስንቀመጥ ቅጠሉን በጉንጬ እንደያዝኩ አንኮራፋለሁ። «ይሄ ሰውዬ ጫቱን አሳፈረው» ይላሉ። መድኃኒቱም የታወቀ ነበር፤ ሌላ እሽግ ጫት፣ በላዩ ጥቁር ቡና። የቡና አገር ሰው ለእንቅልፋም ሌላ ምክር የለውም። በቀን አሥር ስኒ ጠጣሁ፤ ትርፌ እጄ እየተንቀጠቀጠ መተኛት ሆነ።

ሌሊት ደግሞ ከሦስት ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት እተኛለሁ። ስነሳ ግን ሌሊቱን ጆንያ ሲጭን ያደረ ወዛደር ነኝ፤ አፌ ደርቋል፣ ራሴ ይወቅረኛል። ይህን አንዴ ለዕድሜ፣ አንዴ ለዘመኑ ሰጠሁት። የተማረ ሰው ለሕመሙ ሁሉ ከዘመኑ ውስጥ ሰበብ አያጣም።

የነገረኝ ሰው አልነበረም ማለት አልችልም። በተጋባን በሁለተኛው ዓመት አንድ ጠዋት ባለቤቴ «ሌሊት ትንፋሽህ ይቆማል» አለችኝ።

«ይቆምና?»

«ስነቀንቅህ ይመለሳል።»

«ካልነቀነቅሽኝስ?»

«አልሞከርኩትም።»

እናቷ ዱካክ ነው አሉ፤ ደረት ላይ ተቀምጦ የተኛ ሰው የሚያፍነው ያ ክፉ መንፈስ። በትራሴ ሥር ቢላዋ አኖሩ። እኔም ቢላዋውን በገዛ እጄ ወደ ወጥ ቤት መልሼ ለባለቤቴ ስለ አጉል እምነት ረጅም ንግግር አደረግኩላት። ካድሬው ቢሰማኝ ይኮራብኝ ነበር። ዱካክ የሚባል ነገር የለም አልኳት፤ እውነቴን ነበር። እሷ ግን የነገረችኝ ስለ ትንፋሼ ነበር፤ ስለ እሱ አንድ ቃል አልመለስኩላትም። ከዚያ ወዲህ የሌሊቱን ነገር አንስታ አታውቅም፤ እኔም ማንኮራፋት ብቻ ነው ብዬ ረሳሁት።

አንድ ሐሙስ ከክፍለ ሀገሩ ትልቅ ጓድ በእንግድነት መጣ። በንግግሩ መሃል አንኮራፋሁ። ሳይመሽ ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች በሬን አንኳኩ። ሌላ ሚስት «ምን አጠፋ?» ትላለች። የእኔዋ የአንደኛውን ክንድ ያዘችና «ብቻውን እንዳይተኛ፤ አጠገቡ ሰው ይሁን» አለችው።

«አይዞሽ እመቤት» አላት፣ «ሰው እንደሆነ ሞልቷል።»

የታሰርኩበት ቤት የድሮ ቡና መጋዘን ነበር፤ ግድግዳው ገና ጀንፈል ጀንፈል፣ ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ ይሸታል። ስገባ አሥራ አንድ ሆንን፤ እንደልብ በጀርባችን ተዘርግተን አደርን። በአንድ ጎኔ ቡና ያለ ፈቃድ አሻገሩ የተባሉ ሽማግሌ ነጋዴ ነበሩ፤ ሁሉም ሐጂ ይላቸዋል። በሌላው ጎኔ የገጠር ክሊኒክ ድሬሰር፤ መድኃኒት ጎደለ ተብሎ የመጣ ወጣት። በማግስቱ ጠዋት ሐጂ ዓይናቸው ቀልቶ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ መምህር፣ ወላሂ ትናንት ሞተህ ነበር።»

«ይቅርታ ሐጂ፣ ማንኮራፋቴ…»

«ማንኮራፋትህን ማን ጠየቀህ? እሱን አገር ያውቀዋል። የሚያስፈራው ስትተው ነው! ጸጥ ትላለህ። ኢናሊላሂ ብዬ የሙታኑን ዱዓ ስጀምር እንደ ሰመጠ ሰው አየር ስበህ ትመለሳለህ። ደሞ ትሄዳለህ። ያ ረቢ! ሰው በአንድ ሌሊት ስንቴ ይሞታል?»

ከበሩ በኩል አንዱ «ምነው ሐጂ፣ ከጀመሩት አይቀር ቢጨርሱት! እኛም እንተኛ ነበር» አለ።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሐጂም «ማል ጎና፣ ምን ላድርግ፣ እሱ ነው የማያስጨርሰኝ» ብለው ሳቁ። ድሬሰሩ ግን አልሳቀም። የሚቀጥለውን ሌሊት ሳይተኛ አደረ። የእጅ ሰዓቱን ስለወሰዱበት የራሱን የልብ ምት ይዞ ነው የቆጠረልኝ።

«አንዳንዴ አርባ ምት ድረስ አይተነፍሱም» አለኝ ጠዋት።

«ስንት ጊዜ?»

«መቁጠሩ ሰለቸኝ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ዱካክ ነዋ» ብዬ ልቀልድ ሞከርኩ።

«ጉሮሮዎ ነው። ሲተኙ ይላላና ይደፈናል። ሲታፈኑ ይነቃሉ፤ መንቃትዎን ግን አያውቁትም፤ ወዲያው ይወስድዎታል። እርስዎ እኮ ሌሊት ተኝተው አያውቁም። ቀን የሚተኙት የሌሊቱን ነው።»

ስንት መጽሐፍ አገላብጬ የማላውቀውን የራሴን ነገር፣ ሰዓት የሌለው እስረኛ በሁለት ቀን ነገረኝ። በሽታው ስም እንዳለው ያነበብኩት ከዓመታት በኋላ ነው፤ ስሙ ከድሬሰሩ ቃል የጨመረልኝ ነገር የለም።

በሁለተኛው ሳምንት ኬላ ላይ ከነቡናቸው የተያዙ ሰዎች አመጡብን፤ ሃያ ስድስት ሆንን። ከዚያ በኋላ በጎን ካልሆነ በቀር መተኛት አልተቻለም፤ በሣጥን እንዳለ ሻማ ተደረደርን። ጎናችን ሲደነዝዝ የክፍሉ አለቃ «ዙር!» ይላል፤ ሃያ ስድስት ሰው ባንድ ጊዜ ይገለበጣል። በጀርባ መተኛት የሰው ቦታ መስረቅ ነበር፤ ሞክሬው ከግራም ከቀኝም ክርን ቀመስኩ።

በጎን መተኛት በጀመርን በአራተኛው ጠዋት ስነሳ ራሴ አይወቅረኝም። ግድግዳው አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ እንደነበር ያየሁት ያን ቀን ነው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ዋልኩ፤ አገጬ ወደ ደረቴ አልሄደም። ሐጂ «ሦስት ቀን ሳትሞት አደርክ፣ አልሐምዱሊላህ» አሉኝ። ድሬሰሩ ፈገግ አለ፦ «ጀርባዎ ነው፣ ጋሼ። በጀርባዎ ሲሆኑ ምላስዎ ወደ ኋላ ይወድቃል።» በመተኛቴ ታሰርኩ፤ መተኛት ያስተማረኝም እስር ቤቱ ሆነ። እንዲህ ያለውን ነገር መንግሥት አስቦ አያደርገውም።

ያን ዕለት ሐጂ ተራ ጥያቄ ጠየቁኝ። «ቤትህ ሳለህ ማን ነበር የሚቀሰቅስህ?»

«ማንም» ልል አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ከተጋባን አሥራ ሦስት ዓመት ሆኖን ነበር። አልሞከርኩትም ያለችኝ ሴት ከዚያ ወዲያስ መቼ ሞከረችው?

ከወር በኋላ በቀበሌው ስብሰባ ፊት ግለ ሂስ እንዳደርግ ወጣሁ። እውነቱን ነገርኳቸው፤ ጉሮሮዬን፣ ምላሴን፣ ጀርባዬን። ሊቀ መንበሩ «እንቅልፍ በሽታ ከሆነ ግማሹ ሕዝብ ሆስፒታል ይግባ» ብሎ ሳቀ። ካድሬው ግን «በሽተኛ ነው፣ ይሂድ» አለ። ለደርግ እውነቱን የነገርኩት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ያመነኝም ደርግ ብቻ ነው። ወዳጆቼ አላመኑኝም። የጂኦግራፊው መምህር «ዘዴህ ጥሩ ነው» አለኝ፤ «ግን ከአንተ አልጠበቅንም ነበር።» ከዚያ ወዲህ ሻይ ቤት ውስጥ ወንበር የሚለቅልኝ አልተገኘም።

ቤቴ ስደርስ ባለቤቴን ሳላውቃት ቀረሁ። ከዓይኗ ሥር የነበረው ጥቁረት ጠፍቷል፤ ፊቷ ወዝቷል። ጎረቤቶች «ባሏ ታስሮ አማረባት» ማለታቸውን በኋላ ሰማሁ። እሷ ግን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ኃጢአቷን እንደምትናዘዝ ነገረችኝ።

«ሁለት ቀን አለቀስኩ። በሦስተኛው ተኛሁ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ተኛሁ። ይቅር በለኝ።»

«በየሌሊቱ ነበር የምትጠብቂኝ?»

«ስትተው አባታችን ሆይ እላለሁ። የዕለት እንጀራችንን ስል ካልተመለስክ እነቀንቅሃለሁ።»

«አሥራ ሦስት ዓመት?»

«ታዲያ ማን ነበር?»

ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ያለ ልብስ ሰፊ በሌሊት ልብሴ ጀርባ ላይ ኪስ ሰፋልኝ። ያልተፈለፈለ ጀንፈል ሞላሁበት፤ በጀርባዬ ልጋደም ስል ይጎረብጠኝና ወደ ጎኔ እዞራለሁ። የድሬሰሩ ምክር ነበር። ሠራ። ማንኮራፋቴ እንኳ ተወኝ። ሁሉም ነገር በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር።

የዘነጋሁት፣ ለእሷ ጸጥታ ምን ማለት እንደነበር ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ጆሮዋ የተማረው ጸጥ ሲል መንቃትን ነው። አሁን ሌሊቱን ሙሉ ጸጥ ነው። መዳፏን አፍንጫዬ ሥር አድርጋ ትጠብቃለች፤ ትንፋሼን ስታገኝ ትጋደማለች፤ ጥቂት ቆይታ ደግሞ ትነሳለች።

«ድኛለሁ እኮ። ተኚ እንጂ።»

«እሺ።»

አትተኛም። አንድ ቀን «ማንኮራፋትህ ይሻለኝ ነበር፤ ስታንኮራፋ መኖርህን አውቃለሁ» አለችኝ። ሌላ ክፍል ገብቼ ተኛሁ፤ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። ሁለት ወር ሳይሞላ የዓይኗ ሥር እንደ ድሮው ጠቆረ። ጫት አትቅም፣ ስብሰባ ላይ አታንቀላፋ፤ ስለዚህ ማንም አላሰራትም፤ ማንም ምን ሆንሽ አላላትም።

በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ወዳለችው ትንሽ ከተማ፣ ወደ አሰንዳቦ፣ እንዲያዛውሩኝ ማመልከቻ አስገባሁ። ጅማን ትቶ በገዛ ፈቃዱ አሰንዳቦ የሄደ መምህር ታይቶ ስለማይታወቅ ቢሮው ተጠራጠረኝ።

«እዚያ ምን አለ?» አሉኝ።

«አልጋ» አልኳቸው።

መንገድ ዳር አንድ ክፍል ተከራየሁ። ወደ አዲስ አበባ የሚወጡ የቡና መኪናዎች በመስኮቴ ሥር ያልፋሉ፤ እኔ ግን በጎኔ እተኛለሁ፤ የሚቆጥርልኝ የለም። ቅዳሜ ጅማ እሄዳለሁ፤ ምሳ አብረን እንበላለን፤ ሳይመሽ እመለሳለሁ። ፊቷ እንደገና ወዛ። ሰፈሩ ተፋተዋል አለ። ሽማግሌዎች ሊያስታርቁን መጥተው «ምን አጣላችሁ?» ሲሉን ሁለታችንም የምንለው ጠፋን።

አንድ ቅዳሜ ዝናቡ መንገዱን ዘጋውና አውቶቡስ ቀረ። ማደር ግድ ሆነ። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ መጽሐፍ ሳነብ አድራለሁ፣ አንቺ ተኚ አልኳት። ዓይኔ ክፍት መሆኑን ደጋግማ አየችና ተኛች። ተኝታ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር። አፏ በትንሹ ተከፍቷል፤ አንድ እጇ ከአልጋው ወርዷል። የምወደውን መጽሐፍ ይዤ አንድ ገጽ አልገለጥኩም።

መቼ እንደወሰደኝ አላውቅም። ስነቃ ሊነጋጋ ነው፤ ጭንቅላቴ ወደ ኋላ ወድቋል፣ አፌ ደርቋል። እሷ በርጩማ አምጥታ ጉልበቴ አጠገብ ተቀምጣለች።

«ስንቴ?» አልኳት።

ተነሥታ መስኮቱን ከፈተችና ሰማዩን አየች።

«አባርቷል» አለችኝ፤ «የመጀመሪያው አውቶቡስ እንዳያመልጥህ።»