ሁለት ስም

ዛሬ በርበሬ በረንዳ ገበያ፣ ጎረቤቴ እቴነሽ ጦርነት ካለበት አገር ልጇን እንዲያወጡላት የልጅቷን ስም በስልክ ታስመዘግባለች። የበርበሬው ሽታ ወደ ልጅነቴ መለሰኝ።

ያኔም እህቴ አረብ አገር ሳለች ጦርነት ተነሳ። ተመላሾችን የሚመዘግብ ሰው በርበሬ ሱቃችን መጥቶ ስሟን ጠየቀ። ያሳደገችን አክስቴ «አስካለ» አለችው። ፓስፖርቷ ላይ ግን የላካት ደላላ «ዘይነባ» አስብሏት ነበር። ልናገር ስል ቆነጠጠችኝ፤ «ዝም በይ፤ ስሟን ለወጠች ብሎ ሰፈሩ እንዲስቅብን ነው?»

አውሮፕላኑ የሌሎችን ልጆች ይዞ መጣ። አስካለ የምትባል እዚያ አልተገኘችም፤ እህቴም ቀረች። አክስቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ጥፋቷን ሳታምን ሞተች።

የእቴነሽን ክንድ ያዝኩ። «የፓስፖርቱን ስምስ ነገርሻቸው?»

ሰው ይሰማል ብላ ዙሪያዋን አየች። ጆሮዬን አስጠጋሁላት።

«ለእኔ ንገሪኝ፤ እኔ እነግራቸዋለሁ።»