በባርኔጣ የማይፈጥነው ሰው

ረጅም የሐር ባርኔጣ በጋለ ካውያ ሲተኮስ የሚሸተው ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። በለንደን፣ በወይዘሮ ታፕሊ ባርኔጣ ቤት ተኳሽ ሳለሁ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጥቁር ጓንት ያጠለቀ፣ ጫማው እንደ መስታወት የሚያበራ ዘለግ ያለ ሰው ገባ።

«ዛሬ ልጄን እድራለሁ፤ ደስ የሚል ባርኔጣ ይስጡኝ» አለ፣ ሐዘን ባጠላበት ድምፅ።

ወይዘሮ ታፕሊ ግራጫውን ረጅም ባርኔጣ ደፉለትና «እስቲ ይራመዱ» አሉት። እጆቹን አጣምሮ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ እግሩን እየጎተተ ሄደ። እኔም ሳላስበው ቆቤን አወለቅሁ።

«ምነው ጌታዬ! በዚህ አካሄድማ ሙሽራዋ ቄሱ ፊት እስክትደርስ ታረጃለች!»

«ምን ላድርግ እመቤቴ? ዕድሜዬን ሙሉ ባርኔጣ ደፍቼ የሄድሁት በሬሳ ሠረገላ ፊት ነው። እግሬ ሌላ አያውቅም። ልጄ ደግሞ ‹አባዬ፣ በሠርጌ ቀን እንዳትቀብረኝ› ብላኛለች።»

ወይዘሮ ታፕሊ ባርኔጣውን ከራሱ ላይ አንሥተው ብብቱ ሥር ሸጎጡለት። «አሁንስ?»

ሰውዬው አንድ ሁለት ጊዜ ተራመደና እግሩ ቀለለው። ፈገግ እያለ፣ እየፈጠነ፣ በሩን በርግዶ ሳይሰናበተን ወጣ።