የእናቴ ዒዳ

ባለፈው ዒድ ዋዜማ የጎረቤቴ ልጅ የእጅ ማቅለሚያ ሂና በጥብጣ መጣችና «እጅሽን አምጪ» አለችኝ። ሽታው ገና አፍንጫዬ ሲደርስ እጄን ሰበሰብኩ። አለርጂ ነኝ ብዬ ዋሸኋት። ምን ልበላት? አንቺ ግን ምክንያቱን ጠየቅሽኝ፤ በይ ልንገርሽ።

አባቴ እናቴን የፈታት አሥረኛ ክፍል እያለሁ ነው፤ እዚሁ ዲላ፣ የቡና ለቀማ ሲጀምር። ጠብ የለ፣ ጩኸት የለ። ምሳውን በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ሁለት ሽማግሌዎች አስቀምጦ «ፈትቻታለሁ» አለ፤ አለቀ። በእኛ ደንብ የተፈታች ሴት ወዲያው ከቤት አትወጣም። ዒዳዋን፣ ወደ ሦስት ወር ገደማ፣ እዚያው ባሏ ቤት ትቆጥራለች። በዚያ መሀል ባልየው «መልሼሻለሁ» ካላት በአንድ ቃል ሚስቱ ናት፤ ካለፈ ግን ፍቺው ጸና ማለት ነው።

አባቴ ደግሞ እንደዚያ ሰሞን ደግ ሆኖ አያውቅም! ሳሎን ይተኛል። ጠዋት አይሱዙውን እያሞቀ «የልጄ እናት፣ ደህና አደርሽ?» ይላታል። ስንት ዓመት በትዳር ሲኖሩ አንድ ቀን እንኳ ደህና አደርሽ ብሏት የማያውቅ ሰውዬ! ከይርጋጨፌ ጭኖ ሲመለስ ማር ይዞላት ይመጣል። ልብሱ የቡና ማጠቢያውን ኮምጣጣ ሽታ ይዞ ይገባል፤ እናቴ ሸሚዙን ትቀበለውና ታጥባለች። ጓሮ ሆና እያጠበች ስታንጎራጉር እሰማታለሁ።

ለአጎቴ፣ ለእናቴ ወንድም፣ ይሄ ደግነት አልተዋጠለትም። «አፈ ቅቤ፣ ልበ ጩቤ ነው! ቤቱንም መኪናውንም መሸጥ እንዲችል ውክልና ሰጥተሽዋል እኮ። ዛሬውኑ እግድ አስወጪ» አላት። ፍርድ ቤቱ ንብረቱ እንዳይሸጥ እንዲያግድላት ማመልከቻ አስጽፎ መጥቷል፤ የቀረው የእሷ ፊርማ ብቻ ነው። እናቴ ግን «ሊመልሰኝ ያለን ሰው ምን ብዬ እከሳለሁ?» ብላ ወረቀቱን አሳደረችው።

በማግስቱ አባቴ ጋቢና አስገብቶ ትምህርት ቤት ሊያደርሰኝ ተነሳ። መንገድ ላይ «አጎትሽ ምን ፈልጎ መጣ?» ሲለኝ ሁሉንም ዘከዘክሁለት። መኪናውን ዳር አቆመ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ልጄ፣ እኔኮ ልመልሳት ነው። ወላሂ፣ ዒዳዋ ሳያልቅ እመልሳታለሁ። ችሎት ካቆመችኝ ግን በምን ፊቴ?»

ወላሂ አለ፣ ትሰሚኛለሽ? ወላሂ!

ያን ቀን ክፍል አልገባሁም። እየሮጥኩ ቤት ተመልሼ ለእናቴ ነገርኳት። ወረቀቱን አንስታ አየችው። እኔ ከእጇ ነጥቄ አራት ቦታ ቀደድኩት። «አንቺ ቀዥቃዣ!» አለችና ሳቀች። ከዚያ ወዲያ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም።

በዒዳዋ የመጨረሻ ሳምንት እናቴ ሂና ተቀባች፤ እጇንም እግሯንም። ቤቱ በሙሉ ሂና ሂና ሸተተ። አባቴ ወደ ፍስሐ ገነት ጭነት አለኝ ብሎ እንደወጣ ቀረ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አራት ቀን። ዒዳዋ ባለቀ በማግስቱ በሩ ሲንኳኳ ተንደርድሬ ከፈትኩ። ሜትር የያዘ ሰውዬ ነው። «ይቅርታ እህቴ፣ ቤቱን ገዝቼው ነበር፤ ግቢውን ልለካ ነው» አለኝ። እናቴ መጣችና በዚያ በተቀባ እጇ ወንበር አቀረበችለት።

የሽያጩ ውል የተፈረመው እኔ ወረቀቱን በቀደድኩ በአምስተኛው ቀን ነበር።

ከሰሰችው። የጋራ ሀብት ነው፣ ግማሹ ይገባታል ተብሎም ተፈረደላት፤ እሰየው! ግን ከምኑ ላይ? አባቴ የቤቱ ብር ለዕዳ ወጥቷል አለ፤ አይሱዙው ወደ ወንድሙ ስም ዞሯል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለ አጎቴ። እናቴ ዛሬም አንዲት ክፍል ተከራይታ ነው የምትኖረው። አባቴ ዒድ በመጣ ቁጥር ይደውልልኛል። አባት ነው፣ አነሳለታለሁ። ድምፁ አሁንም ያው ደግ ድምፅ ነው፤ እሱ ነው አንጀቴን የሚያቃጥለው።

ከችሎቱ ሁሉ የማልረሳው አንዱን ቀን ነው። ዳኛው «ቤቱ ሳይሸጥ በፊት ለምን እግድ አልጠየቁም?» ብለው እናቴን ጠየቋት። አጎቴ ከጎኔ ተቀምጦ መልሷን ይጠብቃል። እናቴ ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለችም።

«ይመልሰኛል ብዬ ነው» አለች፣ ጮክ ብላ።

ከኋላ የተቀመጡት ሰዎች ሳቁ። አባቴ ጫማውን ያያል። አጎቴ ተናዶ ወጣ።

ስንወጣ እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። «አጎትሽን ወረቀቱን የጣልኩት እኔ ነኝ ብዬዋለሁ። የቀደድሽው አንቺ መሆንሽን እንዳትነግሪው» አለችኝ።

አጎቴ እስከ ዛሬ በተገናኘን ቁጥር «ያቺ ሞኝ እህቴ» ይላታል። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ፣ ዝም ብዬ እሰማዋለሁ።