በሩን የደፈንኩት እኔ ነኝ

ባለፈው ኅዳር አንድ ማለዳ፣ የመስኮቱን ሽንቁር በአሮጌ ጨርቅ ስጠቀጥቅ ልጄ ከኋላዬ ስትስል ሰማሁ። ደባርቅ በኅዳር ብርዱ አጥንት ድረስ ነው የሚገባው፤ ተነሥቶ ሽንቁር መድፈን ልማዴ ነው። ዞር ብዬ አየኋት። በስተርጅና ያገኘኋት፣ ዓመት እንኳ ያልሞላት የመጨረሻዬ ናት። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። አየር በሳበች ቁጥር ከጎድኗ ሥር ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ስርጉድ ይላል። ጨርቁ ከእጄ ወደቀ። ያንን ስርጉድ አውቀዋለሁ። የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ በተወለድኩበት መንደር አምባራስ፣ በታናሽ ወንድሜ በጥጋቡ ደረት ላይ አይቼዋለሁ።

የአምባራሱ ቤታችን መስኮት አልነበረውም። ክብ የሣር ቤት ነው፤ አንድ የሳንቃ በር፣ መሃል ላይ ምድጃ፣ በአንድ ወገን በሬዎቹ፣ በአንድ ወገን እኛ። የገብሱ ጭድ፣ የበሬው ትንፋሽ፣ የኩበቱ ጭስ አንድ ላይ ተደባልቆ የሚሸተው ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። ውጭው ውርጭ፣ ውስጡ ሙቅ። ጥጋቡን ቀን ቀን የማዝለው እኔ ነበርኩ። ዕቃቃ ስጫወት እንኳ ከጀርባዬ አይወርድም፤ ጓደኞቼ «ይቺ ደግሞ ሳትወልድ እናት ሆነች» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ጥርስ ስላላወጣ የገብስ ቆሎ በአፌ አኝኬ፣ አልሜ፣ በጣቴ አጎርሰዋለሁ። እናቴ እንደዚያ አድርጋ ነው ያሳደገችኝ፤ እኔም እንደ እናት መሆኔ ነው። አፉን እንደ ወፍ ጫጩት ከፍቶ ሲጠብቀኝ ደስ ይለኝ ነበር።

በኅዳር ሚካኤል ንግሥ ያ ሁሉ ሰው በአንድ ዋንጫ እየተቀባበለ ጠላ ጠጣ። እኛ ልጆችም ከሥር የቀረውን አተላ ተሻማን። በማግስቱ አፍንጫዬ ይፈስ ጀመር። «ብርድ መታት» ተባለ፣ አለቀ። ማንም ልጁን አታዝይው አላለኝም። አፍንጫዬን በእጄ እየጠረግሁ፣ በዚያው እጄ፣ ቆሎውን እያኘክሁ አጎረስኩት።

ከሁለት ቀን በኋላ ጥጋቡ ማሳል ጀመረ። እናቴ አናቱን ቅቤ ቀባችና «ነፋስ እንዳያገኘው በሩን ድፈኝው» አለችኝ። ሥራ አገኘሁ! በሳንቃው መሃል ያለውን ስንጥቅ ሁሉ ጨርቅ ጠቀጠቅሁበት፤ ከሥር ጭድ ከእበት ጋር አቡክቼ መረግሁት። እናቴ በእጇ ዳብሳ ነፋስ ስታጣ «ተባረኪ፣ የመርፌ ቀዳዳ እንኳ አላስቀረሽም» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም።

ከዚያ ጠያቂው መጣ። የታመመ ሳይጠይቁ መቅረት በአገራችን ነውር ነው። ከሁሉም ቀድመው የገቡት አክስቴ እትዬ ብርቄ ናቸው፤ ያኔ ገና ወጣት ነበሩ። እያሳሉ ገቡ፣ እያሳሉ ተቀመጡ። «ማርያም ትማርህ፣ የኔ አንበሳ» እያሉ ጥጋቡን አገላብጠው ሳሙት። በዚያ በተደፈነ ቤት፣ በዚያ ጭስ፣ አሥር ሰው ተፋፍጎ ዋለ። ወጪ ወጥቶ ሌላ ሲገባ እኔ እየተከተልኩ ጨርቄን እመልሳለሁ። በሦስተኛው ቀን ስርጉዱ ቆመ። የጥጋቡም ትንፋሽ ቆመ።

«የሰው ዓይን በላው» አሉ። እኔም አመንኩ፤ ስንት ዘመን አመንኩ።

እኔ የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። አግብቼ ደባርቅ ከገባሁ በኋላ ነው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የሰፈሩን ሴቶች ሰብስባ የነገረችን። ጉንፋን ነፋስ አያመጣውም አለች፤ ከሰው ትንፋሽና ምራቅ፣ ካልታጠበ እጅ ነው የሚመጣው። ቤት ይናፈስ፣ የሚያስል ሰው አፉን በክርኑ ይክደን፣ ሕፃን አይሳም፣ እጅ በሳሙና ይታጠብ። ሌሎቹ «እሺ፣ እሺ» አሉ። እኔ ግን ነጠላዬን ጥርሴ ውስጥ ከትቼ አለቀስኩ። ምን ሆንሽ ቢሉኝ ጥርሴን ነው አልኳቸው። ይኸው ይህን ሁሉ እያወቅሁ ያን ማለዳ እንደገና ሽንቁር ስደፍን ተገኘሁ። ጆሮዬ ተማረ እንጂ እጄ አልተማረም።

ጨርቁን ሁሉ ነቅዬ ጣልኩና መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። እጄን በሳሙና ታጥቤ ልጄን በጋቢ ጠቅልዬ ወደ በሩ ስሄድ ከውጭ ሳል ሰማሁ። እትዬ ብርቄ ናቸው፤ ዛሬ አርጅተው ከኛው ሰፈር ነው የሚኖሩት።

«እትዬ፣ እዚያው ይቁሙልኝ።»

«ምን ሆንሽ?»

«ልጄ ታማለች፣ አንቱም ያስላሉ። ዛሬ አይስሟትም።»

«ጉድ በሉ! ከተማ ገባሁ ብላ ሰው ተጸየፈች! ንፍጥሽን የጠረግሁልሽ እኔ አይደለሁም? እንደ ሌባ በር ላይ ታቆሚኛለሽ?»

«አልተጸየፍኩዎትም። ጥጋቡን እኔና አንቱ ነን የሸኘነው። እሷን አንደግማትም።»

  ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጎተት አድርገው ከመንገዱ ፈቀቅ አሉ። «እና ምን ቆመሽ ትለፈልፊያለሽ? ሂጂ እንጂ!» አሉኝ።

ባጃጁ በላስቲክ መጋረጃ ታፍኗል። ሾፌሩን «ግለጥልኝ» ስለው «እናቴ፣ ብርድ ይመታታል» አለኝ። «ጠቅልያታለሁ፣ አንተ ግለጥ!» ብዬ ጮህኩበት። መንገዱን ሁሉ እጄ ደረቷ ላይ ነበር። ስርጉዱ እንዳይቆም እየለመንኩ፣ ስርጉዱን ደግሞ እየጠላሁት።

ሆስፒታል ስንደርስ ነርሷ ትንፋሿን ቆጥራ ወዲያው አፍንጫዋ ላይ ኦክስጅን አደረገችላት፤ በመርፌም መድኃኒት ጀመረችላት። «ነገ ብትይ ኖሮ አታገኚያትም ነበር» አለችኝ። በአራተኛው ቀን ልጄ ጡቴን ያዘችና በዚያች ባወጣቻት አንድ ጥርስ ነከሰችኝ። ሕመሙ ደስ አለኝ። እትዬ ብርቄ ከውጭ በመስኮቱ አዩንና በነጠላቸው ውስጥ «ሳትስም የምትመለስ አክስት! የዘመኑ ጉድ!» ብለው ሳቁ፤ ከዚያ ፊታቸውን አዞሩ። እንዳለቀሱ አውቃለሁ።

እናቴ ጥጋቡን ዓይን በላው እንዳለች አለፈች። በሩን የደፈንኩት፣ ቆሎውን ያኘክሁት እኔ ነኝ ብዬ አልነገርኳትም። ብነግራት መመረቋን ትረግም ነበር። የዚያ ቤት ሙቀት ዛሬም ይናፍቀኛል፤ እጠላዋለሁም። የአሁኑ ቤቴ ይበርዳል፣ መስኮቴ ክፍት ነው፤ ልጄ በጋቢ ተጠቅልላ እየተነፈሰች ተኝታለች። ደረቷ አይሰረጎድም። እየደጋገምኩ አየዋለሁ። ተርፋለች፤ ቤታችን ገብተናል፣ ደህና ነን።